አስይዘን ለምን እንጠብቃለን?

ጥያቄ፦ ልጄ ፍሎሪዳ ነው የምትኖረው። በክረምት ልሄድላት ነው፤ የልጅ ልጆቼን ይዘን ዲዝኒ ወርልድ የሚሉት ትልቅ የመዝናኛ ቦታ እንገባለን። ታዲያ ምሳ የምንበላበትን ቦታ ካሁኑ እያስያዘች ነው። ገና ሁለት ወር አለ እኮ! ይባስ ብላ «አስይዘንም እንጠብቅ ይሆናል» ትለኛለች። ካስያዝን ምን ያስጠብቀናል? ጉልበቴ መቆም አይችልም።
አያት ነኝ፣ ከሀዋሳ ታቦር

መልስ፦ እማማ፣ ልጅዎ አልተሳሳተችም። እዚያ የምግብ ቤት ቦታ ማስያዝ የሚጀመረው ከ60 ቀን በፊት ነው። ተፈላጊዎቹ ቤቶች ቶሎ ይሞላሉ።

ለምን ይጠበቃል ላሉት፣ እኔ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የአዳራሽ ኃላፊ ነበርኩና ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ታህሳስ 19 ለገብርኤል ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል። ጾም ስለሆነ ብዙው ሰው የሚያዘው ዓሣ ነው። ለ7 ሰዓት ያስያዘ ቤተሰብ በሩ ላይ ቆሟል። የ5 ሰዓቶቹ ግን ዓሣቸውን እስከ አጥንቱ ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ሁለተኛ ቡና አዘዋል። ሂሳብ ተከፍሏል፤ ወሬው ግን ገና ነው። እንግዳን «ተነሱ» ይባላል እንዴ? መዝገቡ ላይ ጠረጴዛው የእርስዎ ነው፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው።

ዲዝኒም ያው ነው። የሚያስይዙት ተራ እንጂ አንድ የታወቀ ጠረጴዛ አይደለም። በሰዓትዎ ደርሰው ሲመዘገቡ፣ ለቁጥራችሁ የሚበቃ ጠረጴዛ ሲለቀቅ ይጠራሉ። ስድስት ከሆናችሁ የሁለት ሰው ጠረጴዛ ቢለቀቅም ለእናንተ አይሆንም። ከኋላ የመጡ ባልና ሚስት ሲቀድሟችሁ አይክፋዎት።

ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ሰርዙ። ዝም ብሎ ለቀረ በአብዛኞቹ ቤቶች በሰው 10 ዶላር ይቆረጥበታል። (እኛ ደንበኛ ቀብድ ስንጠይቅ «አታምኑኝም ወይ?» ብሎ ይቆጣል፤ ከዚያ ራሱ ይቀራል።)

ምሳውን በእኛ አቆጣጠር 5 ሰዓት ላይ ብታደርጉት ይሻላል። በፍሎሪዳ በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለው ዝናብ ይበዛል። መብረቅ ሲኖር የውጭ ጨዋታዎች ይቆማሉ፤ ያ ሁሉ ሰው ወደ ጣሪያ ስር ሲሮጥ ምግብ ቤቶቹ ይጨናነቃሉ።

ለጨዋታዎቹ በየበሩ ስንት ደቂቃ እንደሚያስጠብቅ ተጽፎ ያገኙታል። ጠዋት በር እንደተከፈተ ሰልፉ አጭር ነው። ተጨማሪ ከፍሎ በአጭሩ መስመር መግባትም አለ፤ ላይትኒንግ ሌን ይሉታል። እኔ ግን ያንን ገንዘብ ለጉልበትዎ ባውለው እመርጣለሁ፦ መግቢያው አካባቢ ተሽከርካሪ ወንበር ይከራያል። አይፈሩት፣ ልጆቹ እየተሻሙ ይገፉዎታል።

ደግሞ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ የጠርሙስ ዕቃ ግን አይገባም። ልጅዎ ቆሎ ትቁላና በላስቲክ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ትያዝ፤ ምሳ ሲዘገይ ልጆቹ ማልቀስ ይጀምራሉ።