አዲስ አበባ ላይ የአፕ ሥራ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ወንድሜ፣ «ፍላተር ተምሬ ልጨርስ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በአፕ ሥራ መኖር ይቻላል ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?» ብለሃል። ይቻላል። ፍላተር በአንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም አፕ የሚሠራበት መሣሪያ ነው፤ ግን በእሱ ተጠቃሚው የሚያየውን ስክሪን መሥራት ብቻ ይዘህ ከመጣህ ትንገላታለህ።

መጀመሪያ ገንዘቡ የት እንዳለ እይ። ከሜክሲኮ በሰንጋ ተራ አድርገህ እስከ ብሔራዊ ቲያትር ስትሄድ የምታያቸው የባንክ ፎቆች አሉ አይደል? ለሞባይል አፕ ሠሪ ደህና የሚከፍሉት በብዛት እነሱ፣ አለዚያም ለእነሱ የሚሠሩ የሶፍትዌር ድርጅቶች ናቸው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከወጣ፣ ኤም-ፔሳም በ2015 ከተከተለ ወዲህ የትኛውም ባንክ ያለ አፕ መቀመጥ አይችልም። የታክሲውና የምግብ ማድረሻውም አፕ አለ፤ ግን እዚያ ቡድኑ ትንሽ ነው፣ ቦታ ቶሎ አይገኝም።

ታዲያ ኢንተርቪው ላይ ምን ይጠየቃል? እኔ ጁኒየር ስፈትን የማልተዋት አንድ ጥያቄ አለችኝ። ደንበኛው «ላክ» የሚለውን ነካ፣ ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ። ብሩ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ተናዶ ደግሞ ቢነካውስ? አብዛኛው ልጅ «ሎዲንግ አሳየዋለሁ» ይላል። መፍትሔው ግን ያለው ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም ክፍያውን የሚያስተናግደው የድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ነው። እያንዳንዱ ክፍያ የራሱን መለያ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ያው ቁጥር ተመልሶ ከመጣ ሰርቨሩ ሁለተኛ አይቆርጥም። አፑም ኔትወርክ ሲመለስ ክፍያው ምን ላይ እንደደረሰ ይጠይቃል። ይህን በራሱ አፍ የሚያስረዳኝ ልጅ ካገኘሁ ዲግሪውን አላይም። ለዚህ ነው ባክኤንድ፣ ማለትም በሰርቨሩ በኩል ያለውን ሥራ፣ ተማር የምልህ። መሣሪያው ኖድ ይሁን ላራቬል፣ የፈለግኸውን።

ስልኩንም አስብ። እዚህ የብዙ ሰው ስልክ ሜሞሪው የሞላ ርካሽ አንድሮይድ ነው። ላፕቶፕህ ላይ የሚበረው አፕ እዚያ ሲገባ ይንቀራፈፋል። ከቤተሰብ አሮጌ ስልክ ተዋስና እሱ ላይ ሞክር።

ፍላተር ወይስ የአንድሮይድ ቋንቋው ኮትሊን ለሚለው፣ ፍላተርህን ያዝ። ቀጣሪው ለአንድሮይድ አንድ፣ ለአይፎን ሌላ ሰው መቅጠር አይፈልግም። የአይፎን ቋንቋ የሆነውን ስዊፍት ብቻ ይዞ እዚህ ከተማ ሥራ መፈለግ ግን አድካሚ ነው።

ብዙ ሰው የማያወራው የሚኒ አፕን፣ ማለትም ሌላ አፕ ውስጥ የሚከፈተውን ትንሽ አፕ፣ ነገር ነው። ነጋዴው «አፔን አውርዱልኝ» ብሎ ከመለመን ቴሌብር ውስጥ መግባት ይቀለዋል፤ ደንበኛው እዚያው አለ፣ ክፍያውም እዚያው ነው። እነዚህ የሚሠሩት በድረ ገጽ ቴክኖሎጂ ስለሆነ ጃቫስክሪፕት ካላወቅህ ያ ሥራ ያልፍሃል።

ሪሞት፣ ማለትም እዚህ ሆኖ ለውጭ ድርጅት መሥራትስ? በሐምሌ 2016 የዶላር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሁሉም ዓይን እዚያ ነው፤ እውነትም ያዋጣል። ግን ለጀማሪ በሩ ጠባብ ነው። የኦንላይን ክፍያ አገልግሎቱ ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም፤ ስለዚህ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርስህ ሥራ ሳትጀምር ተነጋገር።

እስከዚያው አንድ የራስህን አፕ ፕሌይ ስቶር ላይ ጫን። ምዝገባው 25 ዶላር ነው፣ አንዴ ብቻ። የአፕል በየዓመቱ 99 ስለሆነ ለጊዜው ተወው። የዕቁብ መመዝገቢያም ይሁን የዕድር፣ ሰው የሚጠቀምበት ይሁን። የልብስ መሸጫ አፕ ግን በናትህ አታምጣ፣ በየሲቪው አይተን ሰልችቶናል።

በነፃ ኢንተርን ሁን የሚልህ ካለ ማን እንደሚያስተምርህ ጠይቅ። ከፍ ያለ ልምድ ያለው ሰው ቢሮው ውስጥ ካለ ግባ፤ ብቻህን የደንበኛ አፕ ልታወጣላቸው ከሆነ ግን ደሞዝ ጠይቅ።