ዲከረንስ ነው ብለው የሸጡልህ ችግኝ

ከአዘዞ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ አምና በክረምት «ዲከረንስ ነው»፣ ያ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ፣ ተብለህ የገዛኸው ችግኝ ዘንድሮ ሦስት ዓይነት መልክ አወጣብህ። አንዱ ረጅም፣ ወጥ ቅጠል አለው። ሁለቱ ላባ የመሰለ ቅጠል አላቸው፤ ግን እርስ በርስ አይመሳሰሉም። የትኛው ነው ዲከረንስ አልከኝ።

ረጅም ቅጠል ያለው ሳሊግና የሚባለው ሌላ ዛፍ ነው። ሻጩ አታለለኝ ለማለት ግን አትቸኩል። ሳሊግናም ገና ሲበቅል የሚያወጣው ላባ መሳይ ቅጠል ነው፤ ረጅሙ በኋላ ይመጣል። በችግኝነቱ ስንቱን ባለሙያ ያሳስታል።

የሚያስቸግሩት ሁለቱ፣ ዲከረንስና ሜርንሲ ናቸው። ሁለቱም መነሻቸው አውስትራሊያ ነው። የኛ ግራር ዘመዶች ናቸው፤ እሾህ ግን የላቸውም። ከሩቅ አትለያቸውም። ለጋ ቀንበጥ ቁረጥና በሁለት ጣትህ አሽከርክረው። ዲከረንስ ከሆነ ከየቅጠሉ እግር ወደ ታች የሚወርድ ጠርዝ ጣትህን ይነካሃል። ስሙም በላቲን «ወደ ታች የሚወርድ» ማለት ነው። ከዚያ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሳው። የዲከረንስ ደቃቅ ቅጠሎች ግማሽ ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይረዝማሉ፤ ጸጉር የላቸውም፤ በመካከላቸው ብርሃን ያልፋል። የሜርንሲ ግን ከ4 ሚሊ ሜትር አይበልጡም፤ ጥቅጥቅ ብለው ተደርድረዋል፤ ቀንበጡም ጸጉራም ነው።

አሁንም ከተጠራጠርክ የቅጠሉን መሃል አጥንት እየው። ጤፍ የምታህል እብጠት ታገኛለህ። ዲከረንስ ላይ ደቃቅ ቅጠሎቹን የያዙት ጥንድ ዘርፎች ከመሃል አጥንቱ ጋር በሚገናኙበት ቦታ አንድ አንድ ብቻ አለች። ሜርንሲ ላይ በጥንዶቹ መካከልም ተበታትና ትታያለች። እኔ ግራ ሲገባኝ የምለየው በዚህች ነው። ሲያብቡማ ቀላል ነው፤ ዲከረንስ ደማቅ ቢጫ፣ ሜርንሲ የደበዘዘ ክሬም።

ልዩነቱ ለኪስህም ለመሬትህም ነው። በአዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት በዲከረንሱ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ለከሰል ይቆርጠዋል። ሜርንሲ ግን በዓለም 100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አለ። ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ዘሩ መሬት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ እሳት ሲነካው ደግሞ ይበቅላል። ወንዝ ዳር ከሆነ ውሃው ዘሩን ወደ ጎረቤት ማሳ ይወስደዋል።

ስለዚህ ሜርንሲውን ሳያብብ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ከነሥሩ ንቀለው። አቃጥዬ አጠፋዋለሁ እንዳትል። ሳሊግናውን አጥር ዳር ተወው፤ ቅጠሉ ለፍየሎችህ ይሆናል።