ለልብ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ደም ከነጭ ሕዋስ መጣራት አለበት ወይ?

የ17 ዓመት ልጅዎ የልብ ቫልቩ እንዲቀየርለት አዲስ አበባ ቀጠሮ እንደተያዘለትና ሐኪሙ «ነጭ የደም ሕዋሱ የተጣራ ደም ቢገኝ ይመረጣል» እንዳሉ ጽፈው፣ ማጣሪያውን ከዚሁ ከሐዋሳ ገዝተው መሄድ ይኖርብዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ እዚሁ ሐዋሳ በደም ላቦራቶሪ ሥራ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ሐኪም ግን ስላልሆንኩ የልጅዎን ጉዳይ የሚወስኑት ሐኪሞቹ ናቸው።

በመጀመሪያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ላንሳ። በማንኛውም ደም መስጫ ቱቦ ላይ ማጣሪያ አለ፤ የቀዳዳው ስፋት ግን ከ170 እስከ 200 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ስለሆነ የሚይዘው የረጋ ደም ብቻ ነው። ነጭ ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ማይክሮን አይበልጥም፤ በስንዴ ወንፊት ጤፍ እንደመንፋት ነው። ሐኪሙ ያሉት ማጣሪያ ሌላ ነው፤ በውስጡ የታጨቀው ቀጭን የፖሊስተር ክር ነጩን ሕዋስ አጣብቆ ያስቀራል፣ ቀዩን ያሳልፋል። በአንድ ከረጢት ደም ውስጥ ካሉት ከ1 ቢሊዮን በላይ ነጭ ሕዋሳት፣ በአውሮፓ መለኪያ ከ1 ሚሊዮን በታች ብቻ እንዲቀሩ ይጠበቃል።

ይህን ልዩነት በቤተሰቤም አይቼዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ደም ሲሰጣት «ማጣሪያ አለው» ተብለን ነበር፤ የተባለው ግን ያ የቱቦው ተራ ማጣሪያ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ጥርሷ እስኪንገጫገጭ አንቀጠቀጣት፣ ጋቢ ብንደራርብላትም አልተወትም። ደሙ ወዲያው ቆመ፣ የደም ዓይነቱም እንደገና ተመሳከረ፤ ስሕተት አልነበረም። አራት ልጆች የወለደችና ቀደም ሲል ደም የወሰደች ስለሆነች፣ ሰውነቷ በሌላ ሰው ነጭ ሕዋስ ላይ መከላከያ ሳያዘጋጅ አልቀረም ተባለ። እንዲህ ያለውን መንቀጥቀጥና ትኩሳት ነጭ ሕዋስ የሚያስቀረው ማጣሪያ በእጅጉ ይቀንሰዋል። ቢሆንም ልጅዎን ደም እየተሰጠው ብርድ ብርድ ካለው «የተለመደ ነው» ብለው አይለፉት፤ ወዲያው ነርስ ይጥሩ።

ልብ ላይ ጉዳዩ ከትኩሳት ያልፋል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ደሙ በልብና ሳንባ ማሽን ውስጥ ሲዘዋወር የታማሚው ነጭ ሕዋሳት ራሳቸው ይቆጣሉ፤ በዚያ ላይ የሌላ ሰው ሲጨመር ጉዳቱ ይብሳል የሚል ስጋት አለ። በኔዘርላንድስ በ914 የልብ ቀዶ ሕክምና ታማሚዎች ላይ የተደረገና በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ያልተጣራ ደም ከተመደበላቸው በ60 ቀን ውስጥ 7.8 በመቶ፣ የተጣራ ከተመደበላቸው ግን ከ3 እስከ 4 በመቶ ገደማ እንደሞቱ አሳይቷል፤ ልዩነቱ የጎላውም ከ3 ከረጢት በላይ በወሰዱት ላይ ነበር። ይህን ያህል ልዩነት ያላገኙ ሌሎች ጥናቶችም ስላሉ፣ እኔ «ቢገኝ ጥሩ» እላለሁ እንጂ ለእሱ ሲባል ቀጠሮ ይተላለፍ አልልም። ማጣራቱ የኤችአይቪንም ሆነ የጉበት ቫይረስን ምርመራ አይተካም።

ስለዚህ ማጣሪያ በራስዎ ገዝተው አይሂዱ። የተሻለው ደሙ ገና እንደተለገሰ፣ ማቀዝቀዣ ከመግባቱ በፊት ማጣራት ነው፤ ነጭ ሕዋሳቱ በቆይታ ትኩሳት የሚያመጡ ንጥረ ነገሮችን ስለሚለቁ፣ አልጋ አጠገብ የሚደረገው ማጣራት የተለቀቀውን አይመልስም። ሐኪሙን «ደሙ የሚጣራው ከመቀመጡ በፊት ነው ወይስ አልጋ አጠገብ?» ብለው ይጠይቁ። አልጋ አጠገብ ከሆነና ልጅዎ፣ ብዙ የልብ ታማሚዎች እንደሚወስዱት፣ ኢናላፕሪል የሚወስድ ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ይህ መድኃኒትና ማጣሪያው ሲገናኙ የደም ግፊት በድንገት የወረደባቸው ታማሚዎች ስላሉ፣ የመድኃኒት ካርቶኑን ሳይጥሉ ይዘው ይሂዱ።