ጥያቄና መልስ፦ ንብርብር ናኖ ቁሶች ሰበቃን እንዴት ይቀንሳሉ?

ስለ ንብርብር ናኖ ቁሶች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጋራዥም፣ ከዩኒቨርሲቲም፣ ከውጭ አገርም ጥያቄ መጣልኝ። ሥራዬ ማሽን ለምን እንደሚበላ ማጥናት ነው። እያንዳንዱን ጥያቄ ያነበብኩት በደስታ ነው።

ጥያቄ፦ ንብርብር ሲባል ምን ማለት ነው? ለጀማሪ አስረዳኝ።

እርሳስ አንሳ። ውስጡ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው፤ ከካርቦን ሉሆች የተነባበረ ቁስ። በአንዱ ሉህ ውስጥ አቶሞቹ በ0.142 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ርቀት ጥብቅ ብለው ተያይዘዋል። በሉህና በሉህ መካከል ግን ርቀቱ 0.335 ናኖሜትር ነው፤ ትስስሩም ደካማ። ስትጽፍ ሉሆቹ ይንሸራተቱና ወረቀቱ ላይ ይቀራሉ። ሰበቃን የሚቀንሰውም ይኸው መንሸራተት ነው።

ከእነዚህ ሉሆች አንዱ ብቻውን ሲነጠል ግራፊን ይባላል። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሰሎቭ በማንችስተር በተራ ፕላስተር እየላጡ ለዩት፤ ውጤታቸው በ2004 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ታተመ፣ በ2010 ኖቤል ተሸለሙ። የሞሊብዴነም ብረትና የሰልፈር ውህድ የሆነው ሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድም ንብርብር ነው። እያንዳንዱ ንብርብር ከላይም ከታችም ሰልፈር፣ መሃሉ ሞሊብዴነም ነው። ስለዚህ ሰልፈር በሰልፈር ላይ ይንሸራተታል።

ጥያቄ፦ መካኒክ ነኝ። ጥቁሩ ግሪስ ከተራው በምን ይሻላል? ለሁሉም ኩሽኔታ ብጠቀመውስ?

ወንድሜ፣ ለሁሉም አይሆንም። ጥቁሩ ግሪስ ብዙ ጊዜ ሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ ወይም ግራፋይት አለበት። ቀለሙ ብቻ ግን ማስረጃ አይደለም፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብብ። ጥቅሙ የሚታየው ጭነቱ ከብዶ ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣና ብረት ከብረት ሲገናኝ ነው። ያኔ ንብርብሩ መሃል ይገባል። የፊት ጎማን የሚያዞረው ዘንግ መገጣጠሚያ፣ ፒን፣ ቀስ ብሎ ወዲያ ወዲህ የሚል ከባድ ነገር፣ እነዚህ ቦታው ናቸው። በፍጥነት ለሚሽከረከር ኩሽኔታ ግን አምራቹ ያዘዘውን ብቻ አድርግ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ግሪስ ከመቀባትህ በፊት አሮጌውን በደንብ እጠብ፣ የግሪሱንም ቆርቆሮ ክፍት አትተው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከአብዛኛው ብረት ይጠነክራል። አቧራ የገባበትን ግሪስ የትኛውም ናኖ ቁስ አያድነውም።

ጥያቄ፦ ሞተር ሳይክሌ ዘይት ላይ የሞሊብዴነም ዱቄት ልጨምር?

አትጨምር። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ፍሪሲዮን የምንለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ሰበቃ ማለት ነው። እዚያ ሰበቃ ያስፈልጋል። ካንሸራተትከው ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይጎትትም። ማኑዋልህ የሚያዘውን ዘይት ግዛ፤ ብዙውን ጊዜ ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚያሳይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት አለው።

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ግራፋይት ደረቅ ቅባት ከሆነ ለምን ሳተላይት ላይ አይጠቀሙበትም?

በጣም ጥሩ ጥያቄ ጠየቅሽ፤ የዚህ ሙያ ልብ ያለው እዚህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላኖች ከፍ ብለው መብረር ሲጀምሩ፣ የጄኔሬተሮቻቸው የካርቦን ብሩሾች (የሚሽከረከረውን ክፍል እየነኩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ የግራፋይት ቁራጮች) በፍጥነት እየተፈጩ ዱቄት ሆኑ። መሬት ላይ ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ብሩሽ ሰማይ ላይ ወዲያው ያልቅ ነበር። ምክንያቱ የአየሩ ድርቀት ነው። የግራፋይት ሉህ ጫፍ ላይ ያሉ አቶሞች ያገኙትን መያዝ ይፈልጋሉ። የውሃ እንፋሎት ሲኖር ጫፎቹን ይሸፍናቸዋል፣ ሉሆቹም ይንሸራተታሉ። እንፋሎት ሲጠፋ ይነካከሳሉ።

ሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ ተቃራኒው ነው። አየር በሌለበት ድንቅ ይሠራል፣ እርጥበት ግን ይጎዳዋል። ለጠፈር የተመረጠውም ለዚህ ነው።

ጋሊልዮ የተባለውን የጠፈር መንኮራኩር ታሪክ አንብቢ። መንኮራኩሩ በጥቅምት 1989 እ.ኤ.አ. ወደ ጁፒተር ተላከ። በሚያዝያ 1991 እንደ ጃንጥላ የታጠፈው ትልቁ አንቴና እንዲከፈት ታዘዘ። እንደ ጃንጥላ ዘንግ የሚዘረጉ 18 የጎድን አጥንቶች ነበሩት፤ አንዳንዶቹ ተጣብቀው ቀሩ። ምርመራው ያመለከተው ወደ ደረቁ ቅባት ነው። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ1986 ከፈነዳች በኋላ ጉዞው ለዓመታት ዘገየ፣ አንቴናውም በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ መካከል በከባድ መኪና ተመላለሰ። በመንገዱ ንዝረት የጎድን አጥንቶቹን የሚይዙት ፒኖች ቅባት ሳይለቅ አልቀረም። መረጃው በሙሉ በትንሿ አንቴና በዝግታ መምጣት ነበረበት። ስለዚህ ቁስ ከመምረጥሽ በፊት የት እንደሚሠራ፣ በምን አየር ውስጥ፣ እስኪሠራ ድረስም የት እንደሚቀመጥ ጠይቂ። ይህን ጥያቄ የዘለለ ንድፍ ባየሁ ቁጥር ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል፣ ሬሆቮት ነው። እዚሁ ዋይዝማን የሳይንስ ምርምር ተቋም ዘይት ውስጥ የሚጨመር ናኖ ዱቄት ተገኘ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1992 የተቋሙ ተመራማሪ የሬሼፍ ቴኔ ቡድን፣ የሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ ዘመድ የሆነው የተንግስተን ዳይሰልፋይድ ሉሆች ተጠቅልለው እንደ ሽንኩርት ክብ መሆን እንደሚችሉ አሳየ። ጠፍጣፋ ቅንጣት ጫፍ አለው፤ ችግር የሚፈጥረውም ጫፉ ነው። የተዘጋ ሽንኩርት ጫፍ የለውም። ጭነት ሲበዛበት ውጪያዊ ልጣጩ ይላጥና ብረቱ ላይ ይለጠፋል። አስቸጋሪው ነገር ዱቄቱ ዘይት ውስጥ እንዳይጓጉልና ታች እንዳይዘቅጥ ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ሰበቃ ጭራሽ ዜሮ ሊሆን ይችላል?

ዜሮ አይሆንም፣ በጣም ሊቀርብ ግን ይችላል። የሰበቃ መለኪያው (ለማንሸራተት የሚያስፈልገው ኃይል ለጭነቱ ሲካፈል) ከ0.01 በታች ሲወርድ ባለሙያዎች ልዩ ስም ሰጥተውታል፤ ልዕለ ልስላሴ ብንለው ያስኬዳል። ሁለት የእንቁላል ትሪዎች ደርቢ። ጉድጓዱ በጉድጓዱ ላይ ከገጠመ አይነቃነቁም። አንዱን ትንሽ ስታዞሪው ይንሸራተታሉ። በ2004 ሆላንድ ላይደን ውስጥ ይህንኑ በግራፋይት ቅንጣት አሳዩ፤ በየ60 ዲግሪው ሰበቃው ይነሳል፣ በመሃል ይጠፋል። በ2015 ደግሞ አሜሪካ አርጎን ቤተ ሙከራ ውስጥ ግራፊን በጥቃቅን አልማዞች ላይ ሲጠቀለል በዓይን በሚታይ መጠንም ሠራ። ነገር ግን በደረቅ አየር ብቻ ነው። እርጥበት ሲገባ ጥቅሙ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ለዚህ ሁሉ መድከም ያዋጣል?

ተመራማሪዎቹ ሆልምበርግና ኤርዴሚር በ2017 ባወጡት ግምት ከዓለም የኃይል ፍጆታ 23 በመቶው የሚሄደው በሰበቃና በመበላት ምክንያት ነው። 20ው ሰበቃን ለማሸነፍ፣ 3ቱ የተበላውን ለመተካት። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ «ግራፊን ያለበት» የሚል የዘይት ተጨማሪ አየሁ። ልግዛ?

ምን ያህል ግራፊን እንዳለበትና በምን ሙከራ እንደተፈተነ ካልተጻፈ እኔ አልገዛም። በዚያ ብር ዘይቱን በሰዓቱ ቀይሩ፣ ፊልተሩንም አብራችሁ።

ጥያቄ፦ የቤቴ በር ቁልፍ ከብዶኛል። ዘይት ላድርግበት? እናት ነኝ፣ መካኒክ አይደለሁም።

እማማ፣ ዘይት አያድርጉበት፤ አቧራ ይሰበስባል። የልጆቹን ለስላሳ እርሳስ ይውሰዱ። የቁልፉን ጥርስ በሁለቱም በኩል እስኪጠቁር ይሳሉበት። ከዚያ አስገብተው ሦስት አራት ጊዜ ያዙሩት። ልብስ እንዳይነካ ቁልፉን በጨርቅ ይጥረጉት።