ጥያቄያችሁን ይዛችሁ አትመለሱ

ልጆቼ፣

ሠላሳ ስድስት ዓመት በሕፃናት ክፍል ነርስነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ስልኬ አላረፈም። የጎረቤት ልጅ ትደውላለች፤ የእኅቴ ልጅ ከአሜሪካ ትደውላለች፤ አንዳንዴ ጨርሶ የማላውቃት ወጣት እናት «ሲስተር፣ ቁጥርዎን እገሊት ሰጥታኝ ነው» ብላ ትጀምራለች። ጥያቄው ይለያይ እንጂ መነሻው አንድ ነው፦ «ሐኪሙ እንዲህ ብሎኛል፣ ልቤ ግን አልተቀበለውም።» በስልክ ለእያንዳንዳችሁ ስመልስ የኖርኩትን ዛሬ በጽሑፍ ላድርሳችሁ።

በእኔ ወጣትነት ሐኪም ከተናገረ አለቀ ነበር። እናት ማዘዣዋን ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ አመስግና ትወጣለች፤ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ «ምን አሉኝ?» ብላ የጽዳት ሠራተኛዋን ትጠይቃለች። በዐይኔ ያየሁት ነው። እናንተ እዚያው ሐኪሙ ፊት ትጠይቃላችሁ። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን እንደ ንቀት ይቆጥሩታል። እኔ እንዲያ እንዳልቆጥር ያደረገኝ አንድ ሌሊት አለ።

ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት እናት የሰባት ወር ወንድ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። «ያለቅሳል፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ፊቱ ይነጣል። ከዚያ ዝም ይላል፣ እንደ ደከመው ሰው ዐይኑን ይከድናል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጀምረዋል» አለችን። እኛ ስናየው ዝም ባለበት ሰዓት ነበር። ትኩሳት የለውም፤ ሆዱም ለስላሳ ነው። ተረኛው ወጣት ሐኪም «ቁርጠት ነው» አለ፤ እኔም ተስማማሁ። እሷ ግን አልተነሣችም። «ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቁርጠት አውቃለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ቁርጠት ነበረባት። ይሄ ሌላ ነው።» የመለስኩላትን ቃል እስክሞት አልረሳውም፤ «እናት፣ ዶክተሩ አይቶታል እኮ» አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልጇን አቅፋ ወጣች።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሰች። በእጇ የያዘችውን የልጁን ጨርቅ ዘርግታ አሳየችኝ፤ ደምና ንፍጥ ተቀላቅሎ የእንጆሪ ማርማላታ መስሏል። አንጀቱ ራሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሹራብ ስታወልቁ እጅጌው ወደ ውስጥ እንደሚገባው ነው፤ አንዱ የአንጀት ክፍል ሌላው ውስጥ ይገባና ይታነቃል፣ ደም አይደርሰውም። ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ በብዛት ይታያል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ያለ ቀዶ ሕክምና የሚመለስበት ጊዜም አለ። እኛ ስምንት ሰዓት አባክነናልና ልጁ ሆዱ ተከፈተ፣ ከአንጀቱም ተቆርጦ ወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ።

ያቺ እናት የነገረችን በሕፃናት ሕክምና መጽሐፍ ላይ ያለውን ምልክት ቃል በቃል ነበር፤ እየመጣ የሚሄድ ለቅሶ፣ የሚሰበሰብ ጉልበት፣ በመሃል ዝምታ። ሁሉንም ተምሬዋለሁ። ከፈራች እናት አፍ ስለወጣ ግን ፍርሃቷን እንጂ ምልክቱን አልሰማሁም።

ስለዚህ ጠይቁ። አጠያየቁ ላይ ግን አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። «እርግጠኛ ነህ?» ካላችሁት ሐኪሙ «አዎ» ይላችኋል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። «ይሄ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» በሉት። ይህ ጥያቄ ማንንም አይወቅስም፤ ሐኪሙ ግን መልሶ እንዲያስብ ያደርገዋል። መድኃኒት ሲያዝ «ባልሰጠውስ ምን ይሆናል?» በሉ። ከሁሉ በላይ «ምን ምልክት ካየሁ ነው ሳላድር ይዤው የምመለሰው?» ሳትሉ ከክፍሉ አትውጡ። ዛሬ ደግሞ ሁላችሁም በእጃችሁ ስልክ አለ፤ እኛ ዘንድ ስትደርሱ የሚጠፋውን ለቅሶ፣ ሳል ወይም መንቀጥቀጥ ቤት ሳላችሁ ቅረጹት። ያን ሌሊት አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቢኖራት ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። ሐኪምን መጠርጠር ሁልጊዜ ልጅን አያድንም፤ ምክሩ ርካሽ ወይም ቀላል ስለሆነ ብቻ የሚጣልበት ጊዜ አለ። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ይዛ የመጣች እናት ኦአርኤስና ዚንክ ሲሰጣት «ውኃ ሰጥተው ላኩኝ» ብላ ስትከፋ፣ በር ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ተቅማጥ ማቆሚያ ስትገዛ ስንቴ አየሁ። ልጆቼ፣ ያ ፓኬት «ውኃ» አይደለም። በውስጡ ያለው ስኳር አንጀት ላይ ጨውን አብሮት ይዞ ይገባል፣ ጨው ደግሞ ውኃውን ይስባል፤ የታመመ አንጀት እንኳ ይህን በር አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ወደ ሕንድ የተሰደዱ ሰዎች ቦንጋዎን በምትባል ከተማ በኮሌራ ሲረግፉ፣ የግሉኮስ ከረጢት አልቆበት የነበረው ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው በበርሜል በጥብጦ ማጠጣት ጀመረ። ከመቶ ታማሚ ወደ 30 ይሞት የነበረው ከ4 በታች ወረደ። ፓኬቱን ላዩ ላይ በተጻፈው የውኃ ልክ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር፣ በጥብጡት፤ ባስቀመጠው ቁጥር በማንኪያ በማንኪያ ስጡት፤ ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ታግሳችሁ ቀጥሉ። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩን እስከ 10ኛው ቀን አታቋርጡ። ተቅማጥ ማቆሚያውን ግን ለሕፃን አትስጡ፤ ጉዳት አለው።

የአንቲባዮቲክ ነገር ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ሲታዘዝላችሁ «የግድ ነው?» ብትሉ እሰየው። ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን አይነካውም። ሳሉ ጉንፋን ይሁን ሳንባ ምች እኛም መጀመሪያ የምንለየው በቀላል ነገር ነው፤ ልጁ ረጋ ባለበት ሰዓት ልብሱን ገለጥ አድርገን አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን እንቆጥራለን። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ልጅ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው እንላለን። እናንተም በሰዓታችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። ፈጣን ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም መጥባት ካቃተው፣ ያገኘውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ጠርታችሁት ካልነቃ፣ ያኔ ስልክ ለእኔ አትደውሉ፤ ተነሡና ሂዱ።

ሁለተኛውን ፊት ያሳየችኝ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። የጉሮሮ ሕመሟ ሳይታከም ቀርቶ ልቧን ነክቷት ነበር፤ ጉሮሮ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ለመግደል የወጣው የሰውነት ኃይል ተሳስቶ የልብን በሮች ይመታል፣ በተመላለሰ ቁጥርም የበለጠ ያበላሻቸዋል። ለዚህ ነው በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የምትወጋው። አባቷ ልጁን የሚወድ፣ የተማረ ሰው ነው። አንቲባዮቲክ ሲበዛ እንደሚጎዳ አነበበ፤ ያነበበውም ሐሰት አልነበረም። ልጅቷ ደህና ናት፣ ትሮጣለች፤ ለምን በየወሩ ትወጋለች ብሎ አስቆመ። ከወራት በኋላ ይዟት ሲመጣ ተኝታ መተንፈስ አቅቷት በሦስት ትራስ ተደግፋ ነበር። ካርዷን ሳገላብጥ የመርፌው ቀን ሁሉ ተጽፏል፤ ለአባትየው ግን አንድም ሰው ቁጭ ብሎ «መርፌው ያለፈውን በሽታ አያክምም፣ የሚመጣውን ነው የሚከለክለው» ብሎ አላስረዳውም። እኔ በእሱ መፍረድ አልቻልኩም። የእኛም እጅ አለበት።

መልስ ያጣ ጥያቄ ቤት አይቀመጥም፤ መልስ ወደሚሰጠው ይሄዳል። በውጭ አገር ያላችሁ ልጆቼ አሜሪካ ያለችውን የሚኒያፖሊስ ከተማን ነገር ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በዚያ ያሉ የሶማሌ ወላጆች ኦቲዝም ላለባቸው በተከፈቱ የትምህርት ክፍሎች የልጆቻቸው ቁጥር በዛባቸውና «ለምን?» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። አጥጋቢ መልስ ግን ቶሎ አላገኙም። እንግሊዛዊው አንድሩ ዌክፊልድ መጥቶ አነጋገራቸው፤ በ1998 አሥራ ሁለት ልጆችን ብቻ ይዞ የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው፣ ጽሑፉን ያወጣው መጽሔት በ2010 የሰረዘበት፣ የሕክምና ፈቃዱንም የተነጠቀው ሰው። በዚያ ማኅበረሰብ ክትባቱን የወሰዱ ሕፃናት በ2004 ከመቶ 92 የነበሩት በ2014 ወደ 42 ወረዱ፤ በ2017 ኩፍኝ ገባና 75 ሰው ያዘ፣ አብዛኞቹ የዚያው ማኅበረሰብ ልጆች ናቸው። ዴንማርክ ውስጥ ከ650,000 በላይ ልጆች ለዓመታት ተከታትለው በ2019 የወጣው ጥናት ደግሞ በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል የኦቲዝም ልዩነት አላገኘም። ይህን ሁሉ የማነሣው ወላጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ማንም ቀድሞ ቁጭ ብሎ ቢያናግራቸው ኖሮ እያልኩ ነው የማዝነው።

እናንተም ሐኪሙን የምትፈትኑበትን ሚዛን ለሌላውም አውጡት። ቴሌግራም ላይ የሚመክራችሁን ሰው «ልጄን አይተኸዋል? ብትሳሳት ሌሊት አገኝሃለሁ?» በሉት። እንጥል ይቆረጥ የሚሉ አክስትንም በአክብሮት «ደም አልቆም ቢል ምን እናደርጋለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ደም ባለመቆሙ የመጡብንን ሕፃናት እኔ ተቀብያለሁ።

ያቺ እናት ከሁለት ወር በኋላ፣ ልጇ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ለኩፍኝ ክትባት መጣች። ከቦርሳዋ አራት ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት አወጣች። አልሸሸኋትም፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ ይከተባል ወይ? ይከተባል፣ ቁስሉ ድኗል። ያተኩሰዋል ወይ? ሊያተኩሰው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ ነው፣ ቀላል ሽፍታም ሊታይ ይችላል። አሜሪካ ያለች እኅቷ ዓመት ሲሞላው ነው ያስከተበችው፣ ለምን እኛ በዘጠኝ? ከእናት የወረሰው መከላከያ እየሳሳ ሲሄድ ኩፍኝ በብዛት ባለበት አገር ሦስት ወር መጠበቅ አደጋ ነው፤ በዘጠኝ ወር የሚሰጠው ክትባት ደግሞ ሁሉንም ስለማይዝ ዛሬ በ15 ወር ይደገማል፤ ያኔ ግን ይህ ገና አልተጀመረም ነበር።

አራተኛውን ስታነብ ድምፅዋ ተለወጠ። «በአፉ ያደረጋችሁለት ጠብታ ነው ወይ አንጀቱን እንደዚያ ያደረገበት?»

«አላውቅም። ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኳት። ሐኪሟ ጋ ሄድኩ፤ አብረን አየነው። ጥያቄዋ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ የወጣ የሮታ፣ ማለትም ሕፃናትን የሚያስቀምጥ ቫይረስ፣ ክትባት በግምት ከ10,000 ሕፃን በአንዱ ላይ ይህንኑ ስላመጣ በ1999 ቆሟል። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይሰጥ የነበረው የሮታ ጠብታ ሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን ተመሳሳይ ችግር እንዳያመጣ በየአገሩ ሲከታተሉት ነበር። በኋላ በ2018 ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካ አገሮች የተደረገ ጥናት ጭማሪ እንዳላገኘ ታተመ፤ ያን ቀን ግን ይህ በእጃችን አልነበረም። ያን ቀን የነበረን ነገር ቀን ነው፤ ጉዳቱ የሚፈራው ጠብታው በተሰጠ በቀጣዮቹ ቀናትና ሳምንታት ውስጥ ነው።

ስመለስ አግዳሚው ላይ ልጇን ታቅፋ ትጠብቀኛለች። ያወቅነውንም ያላወቅነውንም ነገርኳት። የክትባት ካርዱን አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋች። ሁለተኛው ጠብታ በአሥረኛው ሳምንት የተሰጠበትን ቀን አገኘች፤ ከዚያ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ወሮቹን በጣቷ ቆጠረች። አራት ሆኑ። ዳግመኛ ቆጠረች። ካርዱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችና የልጁን እጅጌ ሰበሰበችልኝ።