ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ትምህርት ቤት ስለማስገባት ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ 11 አመቱ ነው ኦቲዝም አለበት፣ ከ4 አመቱ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስዞር ነው የኖርኩት፣ ሌሎች ወላጆችንም አብሬ እየሄድኩ አስመዝግቤያለሁ። የላካችሁልኝን ጥያቄ በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ልጄ 5 አመቱ ነው ኦቲዝም ነው ተባለ። ማዕከል ወሰድኩት፣ ወረፋ ተመዝገቢ ብለው መለሱኝ። እስኪደርሰው ቤት ላቆየው?

መልስ፦ ኧረ የኔ እናት ቤት እንዳታቆዪው! ዘሚ የኑስ (በ2013 ያረፈችው) በልጇ ምክንያት ጆይ የሚባለውን የኦቲዝም ማዕከል ስትከፍት ኦቲዝም የሚለውን ቃል ራሱ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር፣ ዛሬ ወላጁ ነቅቷል ቦታው ግን አልበቃም ስለዚህ ወረፋው ይረዝማል። ስሙን አስመዝግቢ፣ ስልክ ከቀየርሽ ሄደሽ ንገሪያቸው፣ ግን እሱን ብቻ ብለሽ አትቀመጪ። መንግስት ትምህርት ቤት ውስጥ ልዩ ክፍል የሚባል ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች የሚማሩበት አለ፣ ኮከበ ጽባህን ለምሳሌ ብዙ ወላጅ ያውቀዋል። የክፍለ ከተማሽ ትምህርት ጽህፈት ቤት በአካል ሂጂና የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ጠይቂ፣ ለሰፈራችን የሚቀርበው ልዩ ክፍል ወይ ሪሶርስ ሴንተር (የልዩ ድጋፍ ማዕከል) ያለው የቱ ነው በያቸው። ነሐሴ ላይ ግርግር ነው፣ ሰኔ ላይ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ምን ምን ወረቀት ልያዝ?

መልስ፦ የልደት ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድ፣ ፎቶ፣ ያንተ መታወቂያ፣ የሀኪም ማስረጃ። ሁሉንም ኮፒ አድርግ፣ ኦርጅናሉን ለማንም አትስጥ። እኔን ግን ከሀኪሙ ወረቀት በላይ የጠቀመኝ ራሴ በእጄ የፃፍኩት አንድ ገፅ ነው። "ውሃ ሲጠማው እጅ ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትታል። ሽንቱ ሲመጣ ሱሪውን ከፊት ጭምቅ ያደርጋል፣ አይናገርም። ኃይለኛ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ይጮሀል፣ ያኔ አትያዙት ወደ ውጪ አውጡት። ሽሮ ይበላል፣ ፓስታ አይነካም።" መምህርቷ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጠፈችው፣ በሁለተኛው ሳምንት ሱሪው ሳይረጥብ ቤት መጣ። አልቅሻለሁ ያን ቀን።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ 4 አመቱ ነው አይሰማም። አያቱ የምልክት ቋንቋ ከጀመረ አፉን አይፈታም ይላሉ።

መልስ፦ እማማን በአክብሮት አስረዷቸው፣ ምልክት ቋንቋ አፍ አይዘጋም። መጀመሪያ አንገት በላይ ሀኪም ጋ ጆሮው ምን ያህል እንደሚሰማ ይለካ፣ ከዛ ጊዜ አታባክኑ፣ ልጅ ያለ ምንም ቋንቋ 7 እና 8 አመት ሲሞላው ነው ትልቁ ጉዳት። አዲስ አበባ አልፋ የሚባል መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ ሆሳዕና ደግሞ የመካነ ኢየሱስ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አለ። ግን እናትየውም ትማር፣ ልጁ ትምህርት ቤት አውርቶ ውሎ ቤት ሲገባ ዝም የሚል ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄ፦ ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ነው፣ በዊልቸር ነው የሚሄደው፣ አእምሮው ግን ስል ነው። እኛ አንችለውም ልዩ ትምህርት ቤት ውሰዱት አሉን።

መልስ፦ እንደምትለው ከሆነ ልዩ ትምህርት ቤት አያስፈልገውም፣ መሬት ላይ ያለ ክፍልና የሚገባበት ሽንት ቤት ነው የሚያስፈልገው። ኢትዮጵያ የተመድን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት በ2002 አፅድቃለች፣ እምቢታቸውን በፅሁፍ ስጡኝ በልና ወደ ትምህርት ጽህፈት ቤቱ ይዘህ ሂድ። እኔንም አንድ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ተቀብሎ በሶስተኛው ቀን ልጅሽን ውሰጂ ብሎኛል፣ በቃል ስለነበር ምንም ማስረጃ አልነበረኝም።

ጥያቄ፦ ጠበል እየወሰድኩት ነው፣ ትምህርቱ ይቆይ?

መልስ፦ ጠበሉም ትምህርቱም ይሂድ። የሚጥል በሽታ መድሀኒት የሚወስድ ከሆነ ግን እባክሽን መድሀኒቱን እንዳታቋርጪ።

ጥያቄ፦ ጥሩ ትምህርት ቤት በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በምሳ ሰዓት ሳትነግሪ ሂጂ። ልጆቹን በስማቸው ነው የሚጠሯቸው ወይስ "ያ ልጅ" እያሉ? ሽንት ቤት ማን ነው የሚወስዳቸው? ሲያለቅስ ምን ታደርጋላችሁ ብለሽ ጠይቂ፣ "እንቆጣዋለን" ካሉሽ ትተሻቸው ሂጂ። የግድግዳው ቀለምና አሻንጉሊቱ አያታልልሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ የአይኢፒ (ለልጄ ለብቻው የሚወጣ የትምህርት እቅድ) ስብሰባ ተጠርቻለሁ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

መልስ፦ አስተርጓሚ መብትሽ ነው፣ በነፃ፣ ቀድመሽ በፅሁፍ ጠይቂ እንጂ ትልቁ ልጅሽ አያስተርጉም። ያልገባሽን አትፈርሚ፣ ቤት ወስጄ ላንብበው ማለት ትችያለሽ። የግል ልዩ ትምህርት ቤት ከፈለግሽ፣ የመንግስቱ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገውን መስጠት እንደማይችል በስብሰባው ከተወሰነ ካውንቲው (የአካባቢሽ አስተዳደር) ይከፍላል፣ በራስሽ አስገብተሽ ገንዘቡን ማስመለስ ግን ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ያንቺ ልጅ አሁን ይናገራል?

መልስ፦ አይናገርም። በስዕል ካርድ ነው የሚጠይቀኝ። ትናንት የጫማውን ካርድ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ፣ እንውጣ ማለቱ ነው፣ ወጣን።