ከግቢ ወደ ግቢ ለመዛወር ለምታስቡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

አንደኛውን ዓመት ከፍቷችሁ ያሳለፋችሁ፣ «ከእንግዲህ እዚያ ግቢ አልመለስም» ብላችሁ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ቤት የገባችሁ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። መዛወር ይቻላል፤ ነውርም የለበትም። ነገር ግን ወደ አዲሱ ግቢ ይዛችሁ የምትሄዱት ያንኑ የጠላችሁትን ዓመት ውጤት ነው። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የሚያውቃችሁ ከሁሉ በላይ በእሱ ነው። ስለዚህ ዓመቱን በሥርዓት ጨርሱት፤ ስትወጡም በሥርዓት ውጡ።

ከሁሉ በፊት የጠላችሁት ምን እንደሆነ ለዩ። የዶርም ጓደኞቻችሁን ከሆነ፣ ዶርም የሚቀየረው ለፕሮክተር (ለዶርሙ ኃላፊ) እና ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት በሚጻፍ ማመልከቻ ነው። የካፌው ምግብ ጨጓራችሁን ካስቸገረው፣ ኖን ካፌ ሆኖ የምግቡን ገንዘብ በእጅ መቀበል የሚቻልበት ግቢ ብዙ ነው። ትምህርቱን ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ፦ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የፍሬሽማን ኮርሶች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የጋራ ናቸው። ሎጂኩም ሳይኮሎጂውም የትም ብትሄዱ ያው ነው። የምትፈልጉት ሌላ ዲፓርትመንት ከሆነ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ መቀየር ዩኒቨርሲቲ ከመቀየር በእጅጉ ይቀላል፤ ፋይላችሁ ከአንድ ሬጅስትራር አይወጣምና። ናፍቆት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛውን ሴሚስተር ሳታዩ አትወስኑ።

እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምግብ ከዘጋችሁ፣ ክፍል መግባት ካቃታችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዛሬውኑ የግቢውን ክሊኒክና የምክር አገልግሎት ቢሮ አንኳኩ። ይህን የምለው አንደኛ ለጤናችሁ ነው። ሁለተኛ፣ በጤና ምክንያት ዝውውር ስትጠይቁ የሚታየው የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ ከወራት በፊት የተጀመረ፣ ቀን ያለበት የሕክምና መዝገብ ሲያይ ነገሩን በቀላሉ ይረዳል። በማመልከቻው ሳምንት የወጣች አንዲት ወረቀት ብዙ አትረዳም። ለቤተሰብ መቅረብ፣ ግቢውን አለመውደድ፣ ከጓደኛ ጋር መማር መፈለግ ብዙውን ጊዜ በቂ ምክንያት ተደርገው አይወሰዱም።

ቀጥሎ ውጤት። በአጠቃላይ ዝውውር የሚታየው ድምር ጂፒኤው 2.00 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ተማሪ ነው፤ ተፈላጊ ዲፓርትመንቶች ከዚህ ከፍ ያለ ይጠይቃሉ፤ የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁንም በዚያ ዓመት ካስገቧቸው ተማሪዎች ጋር ያስተያያሉ። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ የሚጎዳበትን ነገር በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ተማሪ በየሴሚስተሩ 3 ክሬዲት ያላቸው አምስት ኮርሶች ይወስዳል እንበል፤ 15 ክሬዲት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር በሙሉ ቢ አለፈ፤ 45 ነጥብ፣ ጂፒኤ 3.00። ሁለተኛው ሲመረው ለማንም ሳይናገር ጥሎ ሄደ፤ በአምስቱም ኤፍ ሰፈረበት። አሁን 45ቱ ነጥብ የሚካፈለው ለ30 ክሬዲት ነው፤ ድምሩ 1.50 ይሆናል። ይህ ልጅ መዛወሩ ቀርቶ የነበረበትም ግቢ እንዳያሰናብተው ያሰጋል። በጊዜው ዊዝድሮዋል (የትምህርት ማቋረጫ ፎርም) ሞልቶ ቢሆን ኖሮ በኮርሶቹ ላይ የሚጻፈው ደብሊው ነበር፤ ደብሊው ስሌት ውስጥ ስለማይገባ 3.00ው እንዳለ ይቆያል። ልዩነቱ አንድ ፎርም ነው።

ፎርሙ የሚገኘው ከሬጅስትራር ነው። የመጨረሻ ቀኑ በአካዳሚክ ካሌንደሩ ላይ ተጽፏል፤ ካለፈ በኋላ ያለ ከባድ ምክንያት አይፈቀድም። ከዚያ ክሊራንስ አለ፦ ቤተ መጻሕፍት፣ ካፌ፣ ላቦራቶሪ፣ ስፖርት ክፍል፣ ፕሮክተር እያላችሁ በየቢሮው ታስፈርማላችሁ። ሰው የሚጉላላው በትንሽ ነገር ነው። ያልተመለሰ አንድ መጽሐፍ፣ የጠፋ የምግብ ካርድ ወይም የዶርም ቁልፍ ሁሉንም ያስቆማል። ፍራሹንም ቁልፉንም ስታስረክቡ ያስፈረማችሁበትን ወረቀት ፎቶ አንሱት። ክሊራንስ ያልጨረሰ ሰው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይሰጠውም፤ በእጃችሁ ያለው የተማሪ ኮፒ ደግሞ ብቻውን ዝውውሩን አያስጨርስም። ኦፊሻሉ ታሽጎ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር የሚሄድ ነው።

ከትራንስክሪፕቱ ጋር የየኮርሱን አውትላይን (የይዘት ዝርዝር) ሰብስቡ፤ ይህን ገና እዚያው ሳላችሁ ከመምህራኑ ወይም ከዲፓርትመንቱ ውሰዱት። ተቀባዩ ክፍል ኮርሱን የሚያመሳስለው በስሙ ሳይሆን በይዘቱና በክሬዲቱ ነው። የፍሬሽማን 3 ክሬዲት ኮርስ 5 ኢሲቲኤስ (ሌላ የክሬዲት መለኪያ) ተብሎም ይጻፋል፤ ወረቀታችሁ ላይ ሁለቱም መኖራቸውን አረጋግጡ። ብዙ ቦታ የሚቆጠርላችሁ ሲ እና ከዚያ በላይ ያመጣችሁበት ኮርስ ብቻ ነው፤ ዲ ያለበትን እንደገና ለመውሰድ ተዘጋጁ። ዝርዝሩ በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ውስጥ አለ። የተቀባዩን ግቢ ሕግ ፈልጋችሁ «ዝውውር» የሚለውን ክፍል ራሳችሁ አንብቡ፤ በወሬ አትመሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪ የሚቀበለው በራሱ የመግቢያ ፈተና ነው፤ ስድስት ኪሎን የምትመኙ የራሱን ማስታወቂያ ተከታተሉ።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ከዚያ በማኅተም የተረጋገጠ የተቀባይነት ደብዳቤ፣ ከዚያ ብቻ መልቀቂያና ክሊራንስ። «ቦታ አለ፣ ና» የሚል የስልክ ቃል ደብዳቤ አይደለም። በቴሌግራም «ዝውውር እናስጨርሳለን» እያሉ ገንዘብ ለሚጠይቁ ደላሎች አንድ ብር አትስጡ፤ ዝውውር የሚያጸድቀው የተቀባዩ ኮሌጅና ሬጅስትራር እንጂ ደላላ አይደለም።

ወደ ግል ኮሌጅ ለመሄድ ያሰባችሁ ደግሞ ፈቃዱን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። ፈቃድ የሚሰጠው ለትምህርት መስኩ፣ ለካምፓሱና ለመደበኛ ወይም ለርቀት ለይቶ ነው። በአንዱ ካምፓስ አካውንቲንግ እንዲያስተምር የተፈቀደለት ኮሌጅ በሌላው ካምፓስ ነርሲንግ ላይኖረው ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናው የግሉንም ተማሪ ይመለከታል፤ ስለዚህ ስለ ክፍያው ከመጠየቃችሁ በፊት ስንት ተማሪ ፈተናውን እንዳለፈላቸው ጠይቁ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትወጡም የፈረማችሁበት የወጪ መጋራት ስንት እንደደረሰ የሚገልጽ ደብዳቤ ያዙ። ቆይቶ መጠየቁ አይቀርም።

ለቤተሰብ ስትናገሩ ወረቀት ይዛችሁ ተናገሩ። አባትና እናት «ትምህርቱን ትቶ መጣ» የሚለውን ነው የሚፈሩት። ውጤታችሁን፣ የምትዛወሩበትን ክፍልና የሚቆጠርላችሁን ክሬዲት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ብታሳዩአቸው ንግግሩ ከልቅሶ ወደ ምክክር ይለወጣል። አንድ ዓመት የሚያስጨምር ከሆነም አትደብቁ፤ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

መልሱ እምቢ ከሆነ፣ ወይም እስከ ምዝገባው ቀን ካልመጣ፣ በነባሩ ግቢ በመደበኛው ቀን ተመዝገቡ። ደብዳቤ ስትጠብቁ ምዝገባው ካለፋችሁ በቅጣት የሚመዘገብባቸው ጥቂት ቀናት ብቻ ይቀራሉ፤ ከዚያ በኋላ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ጠይቃችሁ፣ ቦታ ካለ ብቻ፣ በሚቀጥለው ዓመት ነው የምትገቡት። ተመዝግባችሁ እየተማራችሁ ግን ለቀጣዩ ሴሚስተር እንደገና ማመልከት ትችላላችሁ፤ ያኔ የምታያይዙት ትራንስክሪፕትም አንድ ሴሚስተር ይጨምራል።